ለአራስ አይነገርም

ስልኩ የጮኸው ኖላዊ ደረጃ እየወጣ ሳለ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛውን ፎቅ አልፎ አራተኛው ሊደርስ ሰባት ደረጃ ሲቀረው። በአንድ እጁ አጃና ቴምር የያዘ ፌስታል፣ በሌላው የአራት ዓመት ተኩል ልጁን የእድላዊትን እጅ ይዟል። ፌስታሉን አስቀመጠና ስልኩን አነሳ። ደዋዩ የሚስቱ ወንድም ሞልቱ ነበር፣ ከወሊሶ። ሞልቱ እንደ ወትሮው «አራሷ እንዴት ናት? ጠንከር አለች?» አላለም።

«ኖላ፣ ብቻህን ነህ?» አለ።

«ብቻዬን ነኝ» አለ ኖላዊ።

ይታያችሁ! የልጁን እጅ እንደጨበጠ ነው እንግዲህ። አጠገቡ ቆማ፣ ቀና ብላ እያየችው፣ ብቻዬን ነኝ አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ልጅ ሰው መሆኗን ረስቶ ነው፤ አብዛኞቻችን የምንረሳውን ነው የረሳው።

«እማዬ አረፈች» አለ ሞልቱ። «ማታ ደም ግፊቷ ተነሳባት። ሐኪም ቤት ሳናደርሳት…»

«እማማ? እማማ አጸደ ሞቱ?»

ደረጃው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና የጃኬቱን እጅጌ ነክሶ አለቀሰ። ሲበቃው ዓይኑን ጠረገ፣ ከኪሱ ማስቲካ አወጣና በልጅቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠ። «አይዞሽ፣ አባቢን ዓይኑ ውስጥ አቧራ ገብቶበት ነው» አላት። እድላዊት ማስቲካውን ጨበጠች እንጂ አልላጠችውም።

ወይዘሮ አጸደ የሚስቱ የትሩፋት እናት ናቸው። እድላዊት የተወለደች ጊዜ መጥተው አራት ወር ተቀምጠዋል። አሁንም ትሩፋት ወንድ ልጅ ወልዳ ዘጠኝ ቀኗ ነበርና፣ ቅቤና ቡላቸውን አዘጋጅተው ለመምጣት ቅዳሜን ይጠብቁ ነበር። ሁልጊዜ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ይደውሉና «መጀመሪያ ሹሩባዋን ስጡኝ» ይላሉ። ሹሩባዋ እድላዊት ናት። ከዚያ ጥላዋ የጠፋባትን ፍየል ተረት ይነግሯታል፤ ፍየሏ በየቀኑ የአንድ ሰው በር ታንኳኳለች፣ «ጥላዬን አይታችኋል?» ትላለች፣ አላየንም ትባላለች፣ ቀሪው ለነገ። በዚያች በመጨረሻዋ ምሽት ፍየሏ ወፍጮ ቤት በር ላይ ደርሳ ነበር።

ኖላዊ ወደ ቤቱ አልገባም። አንድ በር ቀድሞ ጎረቤቱ ሐሚዳ ዘንድ ገባ። ሐሚዳ አራሷን ቀን ቀን የምታይለት ደግ ሴት ናት። የብሎኩን እድር የሚመሩት ጋሽ በንቲም ተጠሩ። ምክሩ ብዙ አልፈጀም፤ ሦስቱም ሲያድጉ የሰሙት ነው። ለአራስ መርዶ አይነገርም። ደሟ ይገለበጣል፣ ወተቷ ይሸሻል፣ ልቧን ይነካታል። የሕፃኑ ክርስትና በአርባ ቀኑ ነው፤ ክርስትናው ካለፈ በኋላ ባለው እሁድ ንጋት ላይ ዘመድ ተሰብስቦ ይመጣና በወጉ ይነገራታል። እስከዚያው አንድም ሰው ትንፍሽ እንዳይል።

«እናቴስ ለምን አትደውልም ብትል?» አለ ኖላዊ።

«ጸበል ገብታለች በላት» አለች ሐሚዳ። «ሱባዔ ይዛለች፣ ስልክ አይፈቀድም በል። ምን ታየኛለህ? ሙስሊም ብሆንም ጎረቤቶቼ ሁሉ ሲሄዱ አያለሁ እኮ!»

ሁሉም ይህን ሲመክሩ እድላዊት የሐሚዳ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ አሻንጉሊቷን ሹሩባ ትሠራ ነበር። ጋሽ በንቲ በአገጫቸው አመለከቱ። «ይቺስ?»

«ልጅ ናት ጋሼ፣ ምን ይገባታል» አለ ኖላዊ።

በማግስቱ ቢሾፍቱ የሆቴል መስኮት ልለካ ነው ብሎ ወሊሶ ሄደና አማቱን ቀበረ። ኖላዊ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ይሠራል፤ ስለዚህ ውሸቱ ያስኬዳል። ሲመለስ ሞልቱ የሟችን ነጠላ በጥቁር ፌስታል ቋጥሮ ሰጠው። «መርዶዋን ስትሰማ ትለብሰዋለች» አለው። ኖላዊ ትሩፋት ተኝታ ሳለ ቁምሳጥኑ ላይ፣ ከሻንጣው ጀርባ ወሸቀው።

ስትነቃ «ሥራው እንዴት ነበር?» አለችው።

«ጥሩ ነው።»

«ፊትህ አብጧል።»

«አቧራ ነው።»

ትሩፋት ረጅም ጊዜ አየችው። «እሺ» አለች፤ ፊቷን ወደ ሕፃኑ አዞረች።

አምስት ቀን አለፈ። በስድስተኛው ቀን ጠዋት እድላዊት ዳቦዋን ሻይ ውስጥ እየነከረች «እማማ ባኞ ቤት ናት» አለች።

ኖላዊ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ማን?»

«እማማ። ተረት ታወራለች። ፍየሏን።»

«ሕልም አይተሽ ነው» አላት፤ ጀርባውን ግን የሆነ ነገር ቀዘቀዘው። ኖላዊ አራስ ቤት ብቻውን እንደማይተው፣ የማይታይ ነገር አራስን እንደሚከጅል እየሰማ ያደገ ሰው ነው። በዚያው ቀን ከወርክሾፑ መሮ ይዞ መጥቶ ለትሩፋት ትራሷ ሥር አስቀመጠላት። ትርፍራፊ አሉሚኒየም ሞልቶት ነበር፤ መንፈስ አሉሚኒየም ይፍራ አይፍራ እርግጠኛ ስላልነበር ነው ብረት የመረጠው።

ከዚያ ደግሞ የውኃው ነገር መጣ። በእነሱ ብሎክ ውኃ በፈረቃ ነው፤ ማክሰኞና ዓርብ ይመጣል፣ ባኞ ቤት ያለው በርሜል ተሞልቶ ሳምንቱን ያደርሳል። አንድ ቅዳሜ ቀን ኖላዊ ሳሎን ተኝቶ ሳለ ከባኞ ቤት ውኃ ሲቀዳና ሲፈስ ሰማ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ፣ ቀድቶ ማፍሰስ፣ ቀድቶ ማፍሰስ። ከውኃው ሥር የሚያጉረመርም ድምፅ ነበረ። የአሮጊት ድምፅ። አነጋገሩን ያውቀዋል፤ የቃላቱን መጨረሻ ጎተት የሚያደርገውን የወይዘሮ አጸደን አነጋገር። ተነስቶ ለመሄድ እግሩ እምቢ አለው። ኋላ ትሩፋት ፎጣ ጠምጥማ ስትወጣ ገብቶ በርሜሉን አየ። ጠዋት እንደነበረ፣ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ግማሽ ሰዓት የፈሰሰው ውኃ የት ገባ?

ትሩፋትን አልጠየቃትም። ምን ብሎ ይጠይቃታል? «ሟች እናትሽ ባኞ ቤት መጥታለች?» ይበላት?

መካኒሳ ካለው ቤተ ክርስቲያን በሃይላንድ ጸበል አስቀድቶ መጣና ባኞ ቤቱን ከጣሪያ እስከ ወለል ረጨው። እድላዊት በር ላይ ቆማ ስታየው ቆየች።

«አባቢ፣ እማማ ነጠላዋን ለብሳለች» አለችው።

ወይ ጉድ! ስለ ነጠላው እሱና ሞልቱ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ወንበር ላይ ወጥቶ ከሻንጣው ጀርባ ዳበሰ። ፌስታሉ አለ፣ ነጠላውም አለ። ሞልቱ ግን ሁለቴ ነበር የቋጠረው፤ አሁን የተቋጠረው አንዴ ነው። ነጠላውም ጫፉ ላይ እርጥብ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ኖላዊ የሚበላው የማይጣፍጠው፣ የሚተኛው የማይወስደው ሰው ሆነ። በገዛ ቤቱ ኮቴውን አጥፍቶ መሄድ ጀመረ። ይብስ ብሎ አንድ እራት ላይ፣ ትሩፋት እያለች፣ እድላዊት ማንኪያዋን አስቀምጣ «እማማ ዛሬ ብዙ አለቀሰች» አለች። ኖላዊ እናቲቱን አየ። ትሩፋት አንገቷን ደፍታ ሕፃኑን ታስተካክላለች፣ እንዳልሰማች። «አሁን ወጣ» አለ በሆዱ፤ «አሁን ትጠይቀኛለች፣ አሁን ወተቷ ይሸሻል፣ ልጄ ያልቅብኛል።» እድላዊትን ብድግ አድርጎ በረንዳ አወጣት።

«ስሚ» አላት፤ ክንዷን ጨብጦ። «ሁለተኛ የእማማን ስም ብትጠሪ አንቺንም ጸበል ነው የማስገባሽ! ገባሽ? እዚያ ስልክ የለም፣ ማሚ የለችም፣ መመለስም የለም!»

እድላዊት አላለቀሰችም። ዓይኗን አፍጥጣ አየችው፤ ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። ኖላዊ ቆጣ ማለቱ እንደሠራለት ተሰማውና ትንሽ ቀለል አለው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅቷ መናገር አቆመች።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት እፎይ አለ፤ እውነቱን መናገር ነው። በሦስተኛው ቀን ግን የመዋለ ሕፃናቷ መምህርት ደወለች። «አባቷ፣ እድል ስም ስጠራ አቤት አትልም። ሽንቷ ሲመጣ እንኳ አትናገርም። ቤት የተለወጠ ነገር አለ እንዴ?»

«ወንድም ተወልዶላት ነው፣ ቅናት ነው» አላት።

በዚያው ሳምንት ሕፃኑን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ሠላሳ ሦስት ቀኑ ነበር። ነርሷ ሚዛኑን አየችና እንደገና መዘነችው። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ምንም አልጨመረም። የትሩፋትን ጡት አየችላት፣ አጠባቧን አየችላት፣ ካርዱ ላይ ጻፈች። «በሦስት ቀን ውስጥ ካልጨመረ ወደ ሆስፒታል ነው የምንልከው» አለች። ከዚያ ኖላዊን ለብቻው ጠርታ «እናትየውን የሚያስጨንቃት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችው።

«ኧረ ምንም! ምንም ነገር እንዳይደርስባት አድርገን ነው የያዝናት።»

ነርሷ ተክዛ አየችው። «ልጁ ግን እየከሳ ነው» አለች።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ እድላዊትን ከትምህርት ቤት ሊያመጣ ሄደ። እጇን ይዞ ደረጃውን ወጡ። ሦስተኛውን ፎቅ እንዳለፉ ልጅቷ ቆመች። ጎተታት፤ እምቢ አለች። አራተኛው ፎቅ ሊደርሱ ሰባት ደረጃ ሲቀራቸው፣ እሱ ያን ቀን ዘጭ ያለበት ቦታ ላይ ተቀመጠች። ከዩኒፎርሟ ኪስ አንድ ነገር አውጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ማስቲካ ነው። ወረቀቱ ከመታሸቱ ብዛት ነጥቷል፤ አልተላጠም።

ኖላዊ ማስቲካውን አየ፣ ደረጃውን አየ፣ ልጁን አየ። «ብቻዬን ነኝ» ያለው ድምፁ ጆሮው ውስጥ ተመልሶ መጣ። ያን ቀን ከሞልቱ ጋር ያወራውን አንድ በአንድ አስታወሰ፤ አጠገቡ ማን ቆሞ እንደነበረም ያን ጊዜ ገና አየ። አጠገቧ ተቀመጠ።

«እድልዬ፣ ንገሪኝ። አልቆጣሽም።»

እድላዊት ማስቲካውን አገላበጠች።

«በእናቴ ስም፣ አልቆጣም። ምንም ብትይኝ።»

አፏን ወደ ጆሮው አስጠጋች። ድምጿ ከብዙ ዝምታ የተነሳ ሻክሮ ነበር። «ጸበል አታስገባኝም?»

«ጸበል? ጸበል ምን አለው?»

«እማማ ሞተች አላችሁ። ከዛ ደግሞ ጸበል ገባች አላችሁ። አንቺንም አስገባሻለሁ አልከኝ።»

አንድ አባት የገዛ ልጁ ላይ በሞት እንደዛተ ሲሰማ ምን ይላል? ኖላዊ አቀፋት።

«አላስገባሽም። ማንም አያስገባሽም። ውሸት ነው፤ እኔ ነኝ የዋሸሁት» አላት ኋላ። «ሌላስ? ሌላ ምን ታውቂያለሽ?»

«ማሚ ታውቃለች።»

«ምኑን?»

«እማማ እንደሞተች። እኔ ነገርኳት። አባቢ ደረጃ ላይ አለቀሰ አልኳት፤ ያኔ ማስቲካ የሰጠኸኝ ቀን። ማሚ አፏን በትራስ ያዘች። ከዛ ለአባቢ አትንገሪ፣ አባቢ ይደነግጣል አለችኝ።» ማስቲካውን አገላበጠችው። «ማሚ አትንገሪ አለች። አንተም አትንገሪ አልክ። እኔ ለማን ልንገር?»

ከላይ፣ ከእነሱ ቤት በኩል፣ ውኃ ሲቀዳና ሲፈስ ተሰማ። እድላዊት ቀና አለች። «ማሚ ባኞ ቤት ስትዘጋ እማማ ትመጣለች» አለች፤ አውቶቡስ ይመጣል እንደማለት አድርጋ።

ኖላዊ በሩን በቁልፉ ከፈተ። ሕፃኑ ሳሎን ውስጥ ተኝቷል። የባኞ ቤቱን በር ራሱ ነው የሠራው፤ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሰው ለይቶ የማያሳይ ብዥ ያለ መስታወት ገጥሞለታል። ከመስታወቱ ጀርባ ነጭ ነጠላ የተከናነበ ጎባጣ ሰው ተቀምጧል። አቀማመጡ የወይዘሮ አጸደ ነው፣ አንገቱን ዘንበል ማድረጉ የወይዘሮ አጸደ ነው። ድምፁም እንዲያው። «…ፍየሊቱም አለች፣ ጥላዬን አይታችኋ…ል?» ውኃው ፈሰሰ። የኖላዊ ፀጉር ቆመ። በስመ አብ ብሎ ለመሸሽ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ነበር። የእድላዊት ትንሽ እጅ ግን እጁ ውስጥ ነበረችና አልሸሸም። እጀታውን ተጫነው።

ትሩፋት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። የእናቷን ነጠላ እስከ ግንባሯ ተከናንባለች። በጆግ ከበርሜሉ ትቀዳለች፣ መልሳ እዚያው በርሜሉ ውስጥ ታፈሳለች። ፊቷ ከማበጡ የተነሳ ዓይኗ አይታይም። ቀና ብላ አየችው፤ ጆጉ በእጇ ቀረ።

«ትሩፋ» አለ። «እማማ… እማማ አጸደ…»

«አውቃለሁ» አለች። «አንተ እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው። ቢሾፍቱ ልሄድ ነው ስትለኝ ልትቀብራት እንደሆነ አውቄያለሁ። ሲመጣ ይነግረኛል አልኩ፤ በር በሩን ሳይ ዋልኩ። አቧራ ነው አልከኝ።»

«ወተትሽ እንዳይሸሽ ብዬ ነው! ለልጁ ብዬ! ሁሉም ለአራስ አይነገርም ሲሉኝ…»

«እኔም ለልጁ ብዬ ነው የዋጥኩት። አራስ ካለቀሰች ወተቷ ይሸሻል ሲባል እኔስ አልሰማሁም? እዚህ ገብቼ ውኃው ድምፄን ይሸፍንልኛል እላለሁ። እንደሷ አወራለሁ፣ ድምጿ እንዳይጠፋኝ። ይኸው ሳልጮህም ወተቴ ሸሸ።» እንባዋን በነጠላው ጫፍ ጠረገች። «እናቴ ሞታ እንደ ሰው ሳላለቅስላት ሃያ አምስት ቀን ሆነኝ፣ ኖላዊ።»

ያን ጊዜ ሁለቱም በሩ ላይ የቆመችውን አዩ። እድላዊት አንድ ጊዜ እናቷን፣ አንድ ጊዜ አባቷን ታያለች፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚቆጣት ለማወቅ።

ኖላዊ ሄዶ የቤቱን በር ወለል አድርጎ ከፈተው። «አልቅሺ» አላት ሚስቱን። «እኔን አፈር ያብላኝ፣ አልቅሺ።» የትሩፋት ጩኸት ደረጃውን ተሻግሮ እስከ ምድር ቤት ወረደ። ሐሚዳ በባዶ እግሯ ሮጣ መጣች። ጋሽ በንቲ እያለከለኩ ደረሱ፤ ተቆጥተዋል።

«ቀኑ ሳይደርስ! ማን ነው ደፍሮ የነገራት?»

«ልጄ ናት ጋሼ» አለ ኖላዊ። «በመጀመሪያው ቀን ነው የነገረቻት። ለእኔም ስትነግረኝ ነው የሰነበተችው።»

ሽማግሌው ወደ እድላዊት ዞሩ። ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። የአባቷን ሱሪ ያዝ አደረገች።

«አባቢ፣ አሁን ጮክ ማለት ይቻላል?»

«ይቻላል የኔ እናት።»

«እማማ ዛሬም አትደውልም?»

ኖላዊ ተንበረከከ። «አትደውልም።»

«ነገስ?»

«ነገም አትደውልም። ሞተዋል እድልዬ። የሞተ ሰው አይደውልም፣ አይመጣም። እማማ አጸደ ሁለተኛ አይመጡም።»

ሞተች የሚለውን ቃል ከሁሉም ቀድማ ያወቀችው እሷ ነበረች። ቃሉ ምን እንደሆነ ግን ማንም አልነገራትም። ያን ሁሉ ቀን በየምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ አጠገብ ስትጫወት፣ እየጠበቀች እንደነበር ኖላዊ አሁን ገባው። ልጅቷ «እማማ!» ብላ ጮኸች። ከእናቷ በላይ ጮኸች። ሐሚዳ ደረቷን ይዛ ሶፋው ላይ ወደቀች። ጋሽ በንቲም ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ልጅቷ ጎንበስ አሉ፤ ለትልቅ ሰው እንደሚሉት ስሟን ጠርተው «እድላዊት፣ እግዜር ያጥናሽ» አሏት።

አመሻሹ ላይ ለቀስተኛው ቀለል ሲል ሦስቱ አልጋው ላይ ተሰበሰቡ። ሕፃኑ ጡት ይዟል፤ ይጨምር አይጨምር የሚታወቀው በነርሷ ቀጠሮ ነው። ኖላዊ ስልኩን አምጥቶ መሃላቸው አስቀመጠው። አንድ ሰዓት ሆነ። ሁሉም ስልኩን አዩት። አልጮኸም።

«ፍየሏ ወፍጮ ቤት ደርሳ ነበር» አለች እድላዊት በመጨረሻ። ድምጿ ጎርንኖ ነበር። «መጀመሪያ ግን ሸማኔው ጋ ሄደች። ልንገራችሁ?»

«ንገሪን» አለ ኖላዊ።

ልጅቷ ከመጀመሪያው ጀመረች። ብዙ ቦታ ተሳሳተች፣ ሁለት ቤት ደገመች፣ መሃል ላይ አለቀሰች፣ እንደገና ቀጠለች። ኖላዊ አላቋረጣትም።